ኢስታንቡልን ማን በላት? ስለ ቱርክኛ ጽሑፍ ፍለጋ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ እንደምን አሉ? አንካራ የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ሦስት መቶ ሺህ ያህል የቱርክኛ የጋዜጣ ጽሑፎች ሰብስቤ፣ በፓይተን ኮድ አጽድቼ ኢላስቲክሰርች የሚባለው የፍለጋ ፕሮግራም ላይ ጫንኳቸው። የጽሑፍ መተንተኛውን አልነካካሁትም፣ እንደመጣ ነው የተጠቀምኩት። አንካራ ብዬ ስፈልግ ጥሩ ነው። ኢስታንቡል ስል ግን ይህ ነው የሚባል ነገር አይመጣም። እስፓርታ የምትባለውን ከተማ እኔ ስፈልጋት ትመጣለች፣ ቱርካዊው የክፍሌ ልጅ ሲፈልጋት የለችም። ‹ቤት› ብዬ ስጽፍ ደግሞ ‹ከቤቶቻችን› የሚለውን አያገኝልኝም። አማካሪዬ ዜምቤሬክ የሚባለውን የቱርክኛ ቃል መተንተኛ ጨምርበት ይሉኛል። ጓደኞቼ ይሄ ሁሉ ጊዜው አልፎበታል፣ በቃል ሳይሆን በትርጉም ቅርበት በሚፈልገው በቬክተር ፍለጋ ተካውና ተገላገል ይሉኛል። የማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

ለጊዜው የማንንም አትስማ። የአማካሪህም የጓደኞችህም ምክር የየራሱ ቦታ አለው፤ ያንተ ፍለጋ የታመመው ግን ከዚያ በፊት ነው። ጽሑፉ ገና ኢንዴክስ (ፍለጋው የሚያገላብጠው የቃላት ማውጫ) ሳይገባ፣ ስታጸዳው ተበላሽቷል። ማጽጃ ኮድህን ባላየውም ውስጡ ሁሉን ወደ ትንሽ ፊደል የምትቀይር አንዲት መስመር እንዳለች ከምልክቶቹ አውቃለሁ። ኢስታንቡልንም እስፓርታንም የበላችው እሷ ናት።

ነገሩን በእኛ ፊደል ማሳየት ይቀላል። ቱርክኛ አይ የምትባለዋን የላቲን ፊደል ለሁለት ከፍሎ ነው የሚጠቀምባት። አንደኛዋ ነጥብ አላት፣ ድምፅዋም የእኛው ኢ ነው። ሁለተኛዋ ነጥብ የላትም፤ ድምፅዋ ለእኛ እ እጅግ ይቀርባል። ስለዚህ የመጀመሪያዋ ከተማ ኢስታንቡል ናት፣ ሁለተኛዋ፣ በጽጌረዳዋ የምትታወቀው፣ እስፓርታ። በአማርኛ ስንጽፋቸው ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1928 የላቲኑ ፊደል በሕግ ሲጸድቅ ከ29ኙ ፊደላት ሁለቱ እነዚህ ሆኑ፤ ደንባቸውም ንጹሕ ነው። ባለ ነጥቧ ትልቅ ፊደል ስትሆንም ነጥቧን ይዛ ነው፣ ነጥብ አልባዋም እንዳለች ያለ ነጥብ ታድጋለች። እንግሊዝኛ ነው እንግዳው፤ ትንሿን በነጥብ፣ ትልቋን ያለ ነጥብ ይጽፋል። ኮምፒውተር ደግሞ ያደገው በእንግሊዝኛ ቤት ነው።

አሁን ፓይተን ያደረገውን ተመልከት። እስፓርታ የምትጀምረው በትልቋ ነጥብ አልባ ነው። ወደ ትንሽ ሲቀይራት እንደ እንግሊዝኛ ቆጥሮ ነጥብ ቀጠለላትና «ኢስፓርታ» ሆና ኢንዴክስ ገባች። አንተ በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ስለምትጽፋት ነጥብ ታደርግባታለህ፣ ትገጥምልሃለች። የክፍልህ ልጅ አንደኛ ክፍል እንደተማረው ያለ ነጥብ ይጽፋታል፣ እንዲያ ያለች ከተማ ደግሞ ኢንዴክሱ ውስጥ የለችም። አጥፍቶ የጻፈው አንተ፣ የተቀጣው እሱ!

ኢስታንቡል ላይ የደረሰው ከዚህ ይከፋል። ትልቋን ባለ ነጥብ ፓይተን ወደ ትንሽ ሲቀይር የዩኒኮድን፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠውን መዝገብ፣ ሙሉ ደንብ ተከትሎ ሁለት ነገር ያወጣል፦ ተራዋን ትንሽ ፊደልና፣ ከላይዋ የምትደረብ ሌላ ነጥብ፣ በዩኒኮድ ቁጥሯ 0307 የሆነችውን። ስክሪን ላይ ነጥብ በነጥብ ላይ ስለሚያርፍ ዓይንህ ምንም አይታየውም። ሞክረው፤ ኢስታንቡል በቱርክኛ ስትጻፍ 8 ፊደል ናት። ወደ ትንሽ ቀይረህ ርዝመቷን ጠይቀው፣ 9 ይልሃል። ከተማዋን የሰወረችብህ ያቺ ዘጠነኛዋ ናት። ሳጥኑ ውስጥ የምትጽፈው ባለ 8ቷን ነው፣ ማከማቻው ውስጥ የተቀመጠችው ባለ 9ኟ ናት፤ ሁለቱ ደግሞ ለኮምፒውተሩ አይተዋወቁም።

ማስተካከያው ሁለት ምትክ ነው። ወደ ትንሽ ከመቀየርህ በፊት ትልቋን ባለ ነጥብ በትንሿ ባለ ነጥብ፣ ትልቋን ነጥብ አልባ በትንሿ ነጥብ አልባ ተካ፤ የቀረውን ፓይተን ይጨርሰው። እኔ ግን ከዚህም አልፌ ማጽጃው የፊደል መጠን ጨርሶ እንዳይነካ እመክርሃለሁ። ኢላስቲክሰርች ውስጥ ያለው ትንሽ ፊደል ማድረጊያ ማጣሪያ፣ ቋንቋው ቱርክኛ ነው ብለህ ከነገርከው ሥራውን በትክክል ይሠራዋል። ጥሬው ጽሑፍ በእጅህ ካለ ከእሱ እንደገና ጀምር። ከጣልከው ግን ችግር ነው፤ የኢስታንቡልን ትርፍ ነጥብ ጠርጎ ማውጣት ይቻላል፣ እስፓርታ ላይ የተጨመረውን ነጥብ ግን ከእውነተኛው የሚለየው ምልክት አልቀረም።

እኔም በዚህች ፊደል ተቃጥያለሁ። ከዓመታት በፊት እሠራበት በነበረ አንድ ድርጅት፣ እኛ ኮምፒውተሮች ላይ ያለ እንከን የሚሮጥ የጃቫ ፕሮግራም ኢስታንቡል ያለ ሰርቨር ላይ ሲጫን «ፋይሉን አላገኘሁትም» ብሎ ቆመ። ሁለት ቀን ሙሉ ኔትወርኩን ስንረግም ከረምን። ለካ ፕሮግራሙ ፋይል የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ከትልቅ ወደ ትንሽ ፊደል ይቀይር ኖሯል፤ ሰርቨሩ ደግሞ ቋንቋው በቱርክኛ ስለተሞላ የመሐሏን ፊደል ነጥቧን ነፍጎ አወጣት። በዚያ ስም የተቀመጠ ነገር አልነበረም፣ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ለይተህ ያዝ፦ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ በቱርክኛው ደንብ ይቀየር፣ ማሽን የሚያነበው ቁልፍ ቃል፣ የፋይል ስምና የድረ ገጽ አድራሻ ግን በእንግሊዝኛው።

ወደ አንካራ ልመለስ። «ጥሩ ነው» ማለትህን አልተቀበልኩትም። ቱርክኛ በተጸውዖ ስም ላይ ቅጥያ ሲቀጥል መሐሉ ላይ ጭረት ያደርጋል፦ አንካራ’ዳ ማለት በአንካራ፣ አንካራ’ዳን ማለት ከአንካራ። አንተ የተጠቀምክበት ቃል ቆራጭ፣ ጽሑፉን ቃል በቃል የሚለያየው ክፍል፣ እዚያች ጭረት ላይ አይቆርጥም። ስለዚህ አንካራ፣ አንካራ’ዳ እና አንካራ’ዳን ለእሱ ሦስት የማይዛመዱ ቃላት ናቸው። ያገኘኸው እርቃኗን የቆመችውን አንካራ ብቻ ነው፤ ውጤቱ ብዙ ስለሆነ የቀረብህን አላስተዋልከውም። የኢላስቲክሰርች ቱርክኛ መተንተኛ ጭረቷንና ከእሷ በኋላ ያለውን ሁሉ የሚጥል ማጣሪያ አለው፣ ቀጥ ያለችውንም ጎበጥ ያለችውንም ጭረት ያውቃል። ነገር ግን ፓይተንህ ሥርዓተ ነጥብ ሁሉ ጠርጎ ከሆነ ማጣሪያው ምን ይዞ ይሥራ? ጭረቷን በባዶ ቦታ ተክተህ ከሆነ ደግሞ «ዳ» ለብቻዋ ቆማ ትርጉሟ ተለውጧል፤ ተነጥላ ስትጻፍ «ም» ወይም «ደግሞ» ማለት ናት።

አሁን «ቤት» እና «ከቤቶቻችን»። ቤት ኤቭ ነው። ኤቭሌር ቤቶች፣ ኤቭሌሪሚዝ ቤቶቻችን፣ ኤቭሌሪሚዝዴን ከቤቶቻችን። ሥሩ ሁልጊዜ ፊት ይቆማል፣ ቅጥያው ሁሉ ከኋላው ይሰለፋል። የእኛው ከፊትም ከኋላም ነው፤ «ከ» ቀድማ ገብታለች። ይህችን ልዩነት ልብ በላት፣ የሚቀጥለው ሁሉ እሷ ላይ ይቆማል። (ስለ ቱርክኛ ሲወራ ሁሌ የሚጠቀሰውን፣ ስለ ቼኮስሎቫኪያ የሚያወራውን ያንን ባቡር የሚያህል ቃል አላመጣብህም። ፍለጋ ሳጥን ውስጥ ጽፎት የሚያውቅ ሰው አላየሁም።)

ሥሩ ፊት ስለሚቆም በጣም ርካሽ የሆነ ዘዴ አለ፦ የእያንዳንዱን ቃል የመጀመሪያ አምስት ፊደላት ያዝ፣ ቀሪውን ጣል። ቀልድ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፋዝል ጃን እና የቢልኬንት ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦቹ ያሳተሙትን ጥናት አንካራ ሆነህ ካላነበብከው አዝናለሁ፤ ጎረቤትህ የተሠራ ነው። ከሚሊዬት ጋዜጣ የተሰበሰቡ 408,305 ጽሑፎችን በ72 ጥያቄዎች ፈተሹ። ያገኙት ውጤት፣ ዝም ብሎ መቁረጥም ሆነ መዝገበ ቃላት ይዞ የቃሉን መሠረት የሚፈልገው የተራቀቀው ዘዴ ተቀራራቢ ጥራት ይሰጣሉ የሚል ነው። እንደ «ቬ» (እና) እና «ቢር» (አንድ) ያሉትን ተዘውታሪ ቃላት መጣልም ያመጣው ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም። የተዘውታሪ ቃላት ዝርዝር ስታዘጋጅ ሌሊት እንዳታድር።

ይህን ብልሃት ግን ወደ አማርኛ ይዘኸው እንዳትመጣ። የቤቱ፣ በቤቱ፣ ከቤቱ፣ ስለቤቱ፤ ከፊት ይዘህ ብትቆርጥ በእጅህ የሚቀረው መስተዋድዱ ነው።

ቱርክኛ ላይም ቢሆን መቁረጡ የራሱ ጉድ አለው። ጎዝሌር ዓይኖች ነው፣ ጎዝሌም ምልከታ ነው፣ ጎዝሌሜ ደግሞ ምጣድ ላይ የምትጋገር አይብ ወይም ስፒናች ያለባት ስስ ቂጣ። የሦስቱም የመጀመሪያ አምስት ፊደል አንድ ነው። ጎዝሌሜ የት ይበላል ብሎ የጠየቀ ሰው የዓይን ሕክምና ዜና ቢመጣለት አትሳቅበት። በተቃራኒው ደግሞ ዓይን ራሷ፣ ጎዝ፣ በቱርክኛ ሦስት ፊደል ብቻ ስለሆነች ከዓይኖች ጋር አትገናኝም። ያንተም ኤቭ እንደዚያው ነው፣ ሁለት ፊደል ናት። መጽሐፍ ኪታፕ ነው፤ አናባቢ ሲከተለው መጨረሻው ይለሰልስና ኪታብ ይሆናል። አምስተኛው ፊደል ላይ ተለያዩ! አራት ላይ ልቁረጥ ብትል፣ ነጥቦቹንም ካጠፋህ፣ አህጉር ከሚለው ክታ ጋር ይደባለቃል።

ታዲያ እንዲህ እየሳተ እንዴት ጥሩ ውጤት አመጣ? እኔ እንደሚመስለኝ የጋዜጣ ጽሑፍ ረጅም ነው፣ አንዱን ቃል በብዙ መልክ ደጋግሞ ስለሚጽፈው አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይያዛል። ጠያቂውም ሦስት አራት ቃል ሲጽፍ የአንዱን ስህተት ሌሎቹ ይሸፍኑታል። አጫጭር ጽሑፍ ላይ ይህ ዋስትና የለም። አንድ የገበያ ድረ ገጽ ፍለጋ ላይ ስሠራ ያየሁትን ልንገርህ። ሼኬር ስኳር ነው፣ ሼኬርሊ ስኳር ያለበት፣ ሼኬርሲዝ ስኳር የሌለበት። በአምስት ፊደል ስንቆርጣቸው ሦስቱም ሼኬር ሆኑ። ስኳር የሌለበት ቸኮሌት የፈለገ ሰው ከላይ እስከ ታች ባለ ስኳሩ ተደረደረለት። ስኳር በሽተኛ ደንበኛ ደውሎ እስኪቆጣ ድረስ ማንም አላየውም፣ ምክንያቱም ሲፈተሽ የነበረው «ውጤት መጣ ወይ» የሚለው ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ያለው» እና «የሌለው» የሚያሰኙትን ቅጥያዎች ማንም እንዲቆርጣቸው አልፈቅድም። ብዙ ቁጥርና «በ፣ ከ፣ ወደ» የሚሆኑት ይሂዱ፤ እነዚያ ግን የቃሉ አካል ናቸው።

እዚህ ላይ የአማካሪህ ምክር ይገባል። ኢላስቲክሰርች ውስጥ ተሠርቶ የተቀመጠው የስኖውቦል ግንድ አውጪ (ቅጥያ ቆርጦ የቃሉን ግንድ የሚያስቀር ፕሮግራም) በዋናነት ስም ላይ የሚለጠፉትን ይቆርጣል፣ የግሥ ቅጥያዎችን አይነካም። ለጋዜጣ ፍለጋ ይህ ብዙ አያስከፋም፤ ሰው የሚፈልገው በስም ነው። ዜምቤሬክ ደግሞ በጃቫ የተሠራ፣ ኮዱ ክፍት የሆነ የቱርክኛ መሣሪያ ነው፤ ቃሉን ገነጣጥሎ እያንዳንዱ ቅጥያ ምን እንደሆነ ይነግርሃል። ለሼኬርሲዝ ዓይነቱ ጣጣ ሁነኛው መፍትሔ እሱ ነው፤ የቱን ቆርጠህ የቱን እንደምትተው አንተ ትወስናለህ። ዋጋው ግን አለ። ኮዩን የሚለውን ቃል ብትሰጠው በግ ሊሆን ይችላል፣ እቅፍም፣ የባሕር ወሽመጡም፣ «አስቀምጡ» የሚል ትእዛዝም። ዜና ውስጥ ሲሆን ከዙሪያው ያሉት ቃላት ያግዙታል፤ ሳጥኑ ውስጥ ኮዩን ብቻ የተጻፈ እንደሆነ ግን ማንም አይረዳውም። በዚህ ምክንያት በመጀመሪያ በስኖውቦል ጀምር፣ ዜምቤሬክን የምታነጻጽርበት ነገር ካገኘህ በኋላ አምጣው እላለሁ።

ሌላ ያልጠየቅከኝ ግን በሳምንት ውስጥ የሚገጥምህ ነገር አለ። ሰው በስልክ ሲጽፍ የቱርክኛ ምልክቶችን ይተዋል፤ ሁለት ነጥቡንም፣ ከሥር የምትንጠለጠለዋንም። ብዙ ጊዜ አንባቢ ስለሚገባው ችግር የለም። አልፎ አልፎ ግን ነፍስ የሚያጠፋ ነው። ኦልዱ የሚል ቃል አለ፤ አናባቢዎቹ ተራ ከሆኑ «ሆነ» ማለት ነው፣ ሁለቱም ላይ ሁለት ሁለት ነጥብ ካለ «ሞተ»። በእኛ ፊደል ስጽፋቸው እኔም ለያይቼ ልጽፋቸው አልቻልኩም፤ ኢንዴክስህም ምልክት ካጠፋ ልክ እንደዚሁ ነው የሚሆነው። ሀላ ደግሞ ምልክት ከሌለው አክስት፣ አናባቢዎቹ ላይ ቆብ ካለ «አሁንም» ነው፤ ቆቡን ቱርኮቹ ራሳቸው ብዙ ጊዜ ይዘሉታል።

ስለዚህ አንድ ፊልድ (ኢንዴክሱ ውስጥ ጽሑፉ የሚቀመጥበት ክፍል) አይበቃህም፣ ሦስት አድርግ። አንደኛው ቃሉን እንዳለ ይይዛል፦ ጭረት ይጥላል፣ በቱርክኛ ደንብ ትንሽ ያደርጋል፣ ሌላ ምንም። ሁለተኛው በዚያ ላይ ግንዱን ያወጣል። ሦስተኛው ከግንዱ በኋላ ምልክቶቹን ሁሉ ያጠፋል። ቅደም ተከተሉን አደራ፤ ምልክት ማጥፋቱን ካስቀደምከው ግንድ አውጪው የሚያውቃቸውን ቅጥያዎች መለየት ያቅተዋል። ሲፈለግ ሦስቱም ይጠየቁ፣ ክብደታቸው ግን ከላይ ወደ ታች ይቀንስ። ሞተ ብሎ በትክክል የጻፈ ሰው «ሞተ»ን ከላይ ያገኛል፣ ያለ ምልክት የጻፈም ባዶ እጁን አይመለስም። በትልልቅ ፊደል የተጻፉ የእንግሊዝኛ የድርጅት ስሞችም የሚድኑት በሦስተኛው ነው፤ የቱርክኛው ደንብ የእነሱን ነጥብ ያጠፋልና። ለደረጃው አሰጣጥ፣ ኢላስቲክሰርች የቆመበት ሉሲን የተባለው ፕሮግራም ይዞት የሚመጣውን ቢኤም25 የተባለ የውጤት ማስቀደሚያ ቀመር ከነቁጥሮቹ፣ 1.2 እና 0.75፣ እንዳሉ ተዋቸው። ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚነካካው እነሱን ነው፣ ምን እንደሚፈልግ ግን አላውቅም።

ቬክተሩን በአጭሩ ልለፈው። ጥቅሙ እውነት ነው፤ አራባ ብሎ የጻፈ ሰው ኦቶሞቢል ብቻ የሚል ዜና ያገኛል፣ ሁለቱም መኪና ናቸውና ቃል በቃል የሚያነጻጽር ፍለጋ ግን አያውቀውም። በስምና በቁጥር ላይ ግን አትመነው። እስፓርታን ስትጠይቀው ጎረቤቷን ቡርዱርን ይዞልህ ሊመጣ ይችላል፤ ለእሱ ሁለቱ ተመሳሳይ ሠፈር ናቸው። ለብዙ ቋንቋ ባንድ ላይ የተሠሩት ሞዴሎች ደግሞ ረጅሙን የቱርክኛ ቃል ከቅጥያው መጋጠሚያ ውጪ ብጥስጥሱን ያወጡታል። ከፈለግክ ሁለቱን ውጤቶች በየደረጃቸው አደባልቃቸው፤ ለእያንዳንዱ ጽሑፍ 60 ላይ ደረጃውን ደምረህ 1ን ለዚያ ማካፈል፣ ከሁለቱ ዝርዝር ያገኘኸውን መደመር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ግን ትርፍ ነጥብ የተለጠፈባትን ኢስታንቡል ለቬክተር ብትሰጠውም ያው የተበላሸ ቃል ነው የሰጠኸው።

መመዘኛህን ዛሬ ጀምር። የክፍልህን ልጅና ሁለት ጓደኞቹን ሃምሳ ጥያቄ አስጽፋቸው፣ በገዛ ስልካቸው፣ እንደለመዱት። አንተ አትጻፍ፤ የእንግሊዝኛ ኪቦርድህ ምን እንዳደረገህ አይተሃል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ የመጀመሪያዎቹን አሥር ውጤቶች 0፣ 1 ወይም 2 ይስጧቸው። ይህ ከሌለህ ዜምቤሬክ ረዳኝ ወይስ ጎዳኝ የምትለው በስሜት ነው፣ የመመረቂያ ፈታኞችህም መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ነው።

ጥሬውን እንደገና ከጫንክ በኋላ እስፓርታን በአራት መልክ ጻፋት፦ በትልቅ ነጥብ አልባ፣ በትንሽ ነጥብ አልባ፣ በትልቅ ባለ ነጥብ፣ በትንሽ ባለ ነጥብ። በአንደኛው ፊልድ ሁለቱ ነጥብ አልባዎች እኩል ቁጥር ማምጣት አለባቸው፣ በሦስተኛው ደግሞ አራቱም። እኩል ከመጡ ወደ ዜምቤሬክ እለፍ። ካልመጡ የማጽጃውን ኮድ ላክልኝ፣ ያቺን መስመር አብረን እንፈልጋታለን።